እትዬ ዘሃራና የከድጃ ድስት

እትዬ ዘሃራ ማረፋቸውን የሰማሁት ሱቅ ደጃፍ ቆሜ ነው። ባለሱቁ የታሸገ ጨው እያቀበለኝ፣ «የድሮዋ ባለጨው ሴትዮ እኮ ትናንት ተቀበሩ፤ አልሰሙም?» አለኝ።

«የትኛዋ ባለጨው?» አልኩት እንጂ ልቤ አውቆታል። ለኔ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ባለጨው ማለት አንድ ሰው ብቻ ናቸው። ሙስሊሞች ሬሳ አያሳድሩም፤ ረፋድ ላይ አርፈው ሳይመሽ ተቀብረዋል። እኔ ያን ቀን ቤቴ ቁጭ ብዬ ምስር ስለቅም ነው የዋልኩት። አለመቅበሬ እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል።

ለቅሶ ስደርስ የመጨረሻ ልጃቸው ሶፊያ እጄን ይዛ፣ «ስለ እናቴ የምታውቂውን ጻፊልኝ፣ ልጆቼ ያንብቡት» አለችኝ።

«እኔ እኮ አራተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት» አልኳት።

«እናቴ ደግሞ በጣቷ ነበር የምትፈርመው» አለችኝ። ጻፍኩ።

ሱቃቸው ከገበያው ጥግ፣ ወደ መስጊዱ በሚወስደው መንገድ ላይ ነበር። ሱቅ ይባል እንጂ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያስቆምም። ግራና ቀኝ የጨውና የበርበሬ ጆንያ፣ መሐል ላይ የኑግ ዘይት ቆርቆሮ፣ ከዚያ ኋላ እሳቸው። ቁመታቸው አጭር፣ ድምፃቸው ግን ገበያውን ያቋርጣል። አዲስ በርበሬ ሲመጣላቸው ጣታቸውን አርሰው ይቀምሱና ሦስት ጊዜ ያስነጥሳሉ። ሁለቴ ካስነጠሳቸው «ይሄ ውሃ ነው፣ መልሰው» ብለው ነጋዴውን ያባርሩታል።

ሌላው ባለሱቅ «ምን ልስጥሽ?» ይላል። እሳቸው «ምን ጎድሎሽ መጣሽ?» ነበር የሚሉት። ሰው ሲመልስላቸው ጉንጫቸውን በመዳፋቸው ደግፈው ጨርሰው ይሰማሉ። ለጨው የመጣች ሴት ስለ ባሏም፣ ስለ ልጇ ሳልም፣ ስለሚያፈስ ጣራዋም ነግራቸው ትሄዳለች።

እኔ ያን ጊዜ የሦስት ልጆች እናት ነበርኩ፤ ሁሉንም ነገር የምፈራ። ውሃውን አፈልቼ፣ ቀዝቅዞ፣ እንደገና አፈላዋለሁ። ከቤት ወጥቼ መንገድ ከጀመርኩ በኋላ እሳቱን ማዳፈኔን ለማየት እመለሳለሁ። እትዬ ዘሃራ ይህን ስለሚያውቁ ይቀልዱብኝ ነበር። «ብርቄ» ይሉኛል፣ «ሌላው ሰው ለድስቱ ክዳን ይፈልጋል፤ አንቺ ለክዳኑም ክዳን ትፈልጊያለሽ።»

ቀልዳቸው ግን አያቆስልም። የመጀመሪያ ልጄ ሲያገባ ዘመዱ ሁሉ ጃንጥላና ብርድ ልብስ ተሸክሞ ሲመጣ፣ እሳቸው በጥሩ ሻሽ የተቋጠረ ነገር ይዘው መጡ። ስፈታው ጨው ነው። የባሌ እህት አይታ አፏን ሸፈነች። እኔም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ትንሽ ቅር አለኝ። በሠርጉ ማግስት ወጥ ሠሪዎቹ ሲጮሁ ሄጄ ባይ፣ ያ ሁሉ ድግስ ተደግሶ ጨው አልቋል። በዓል ነውና ሱቁ ሁሉ ዝግ ነው። እትዬ ዘሃራ ያመጡትን ፈታሁ። ዳሱ ጥግ ተቀምጠው፣ ለሙስሊም እንግዶች ለብቻው ከተሠራው ወጥ እየበሉ፣ ከሩቅ ቅንድባቸውን ብቻ አነሱልኝ።

ግን የማልረሳቸው በዚህ አይደለም። የማልረሳቸው ከዚያ ቀደም ብሎ፣ ንጉሡ ከመውረዳቸው ጥቂት ጊዜ በፊት በሆነ ነገር ነው።

በዚያን ዘመን ስለ ረሃቡ ጮክ ብሎ የሚናገር አልነበረም። እኛ ያወቅነው በእግሩ ሲመጣ ነው። ከአባይ ማዶ ሰዎች መምጣት ጀመሩ፤ መጀመሪያ አንድ ሁለት፣ ከዚያ ቤተሰብ ከነልጁ። ከሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን በታች ያለው ሜዳ ላይ ቅጠልና ጆንያ እየወጠሩ ተጠለሉ። ክርስቲያንም ሙስሊምም ነበሩ። ከተማው አልጨከነባቸውም። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጋር የተያያዘው ቤት የእህል ቤት ተደረገና ሰው የሚችለውን ያመጣ ጀመር። እህሉን የምናድለው አራት ሴቶች ነን። ቁልፉ እኔ ዘንድ ነው። የሰጡኝም «ብርቄ ትጨነቃለች እንጂ አትረሳም» ብለው ነው።

እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የቤተ ክርስቲያኑ አለቃ የሰጪውን ስም ከነስጦታው ይጠሩ ነበር። «አቶ እገሌ፣ አንድ ዳውላ ገብስ። ወይዘሮ እገሊት፣ ሁለት ቁና ጤፍ። እግዚአብሔር ይስጥልን።» ሕዝቡ «አሜን» ይላል። የተጠራው ሰው አንገቱን ደፍቶ ቢቆምም ደስታው ከጆሮው ይታያል። እህሉ በየሳምንቱ ከፍ አለ። ቤቱ እስከ ጣራው ሞላ። ጤፉንና ገብሱን ወፍጮ ቤቱ በነፃ ይፈጭልን ነበር። እኛ «ተመስገን፣ ሞላልን» እንባባላለን።

አንድ ሰኞ ጠዋት የእህል ቤቱን ስከፍት ከአጥሩ ውጭ የማውቀው ድምፅ ጠራኝ።

«ብርቄ! አንቺ ብርቄ!»

እትዬ ዘሃራ በአጥሩ ቀዳዳ አንድ ዓይናቸው ብቻ ይታያል።

«እዚያ ውስጥ ጨው ማን ሰጠ?»

«ጨው?» አልኩ።

«ጨው እንጂ! ሦስት ሳምንት ሙሉ በኔ ደጅ እህል ተጭኖ ወደዚህ ሲያልፍ አያለሁ። ለዚያ ሜዳ ብሎ ከኔ አንድ ጭብጥ ጨው የገዛ ግን የለም። ከሌላ ገዝተው ከሆነ ብዬ ጎረቤቶቼንም ጠየቅኩ። ከነሱም የለም። ታዲያ እነዚህ ሰዎች የምትሰጧቸውን በምን ይበሉታል?»

ዞሬ አየሁ። ጤፍ አለ፣ ገብስ አለ፣ ባቄላ አለ፣ በቆሎ አለ። ጨው የለም። ክብሪት የለም። አንድ ጠብታ ዘይት የለም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ያን በር በየቀኑ የከፈትኩት እኔ ነኝ፤ እኔ፣ እሳት መዳፈኔን ለማየት ከመንገድ የምመለሰው።

እትዬ ዘሃራ መልሴን አልጠበቁም። ቁልቁል ወደ ሜዳው ወረዱ። ተከተልኳቸው። በየዳሱ ቁጢጥ እያሉ «ምን ጎደለሽ?» ይላሉ፣ ልክ እንደ ሱቃቸው። እኛ እስከዚያ ቀን የጠየቅነው «ደረሰሽ ወይ?» ብለን ብቻ ነበር። አንዷ ዱቄት የምትነፋው በነጠላዋ ጫፍ ነው። ሌላዋ የምታማስለው ከመንገድ ባነሳችው እንጨት ነው። ሦስት ቤተሰብ በአንዲት ድስት ተራ እየጠበቀ ይቀቅላል፤ የመጨረሻው ቤተሰብ ፀሐይ ስትጠልቅ ነው የሚበላው። ባቄላውም ያለ ጨው ነው። አንድ ሽማግሌ፣ «እናቴ፣ እህል ሰጥታችሁናል፣ እግዜር ይስጣችሁ፣ አፋችን ነው እንጂ እምቢ ያለው» ሲሉ እትዬ ዘሃራ ጉንጫቸውን ደግፈው ጨርሰው ሰሟቸው።

ያን ቀን ከሱቃቸው አንድ ጆንያ ጨው አሸክመው አመጡ። «ይሄ የኔ ነው» አሉ። «ለሳምንት ቢበቃ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው የናንተ ነው።»

እኔም ለሰፈር ሴቶች ነገርኩ። ጉዱ የታየው ያን ጊዜ ነው። ሁሉም «ውይ፣ እውነት ነው!» ይላሉ፤ የሚያመጣ ግን የለም። ጎረቤታችን ወይዘሮ አትጠገብ መጨረሻ ላይ አወጣችው።

«ብርቄ፣ አንቺም እስቲ አስቢው። እሑድ ሰው ሁሉ ባለበት ‹ወይዘሮ አትጠገብ፣ አንድ ጣሳ ጨው› ተብሎ ሊጠራ? ልጄን ልድር ተቃርቤ? አማቾቼ እዚያው ቆመው?»

እትዬ ዘሃራ ይህን ስነግራቸው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ከዚያ ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ አትጠገብ ቤት ሄዱ።

«አንቺ አትጠገብ፣ ስምሽ ይቅር፤ ጨውሽ ይምጣ።»

«እንዴት አድርጎ?»

አፉ የተሰበሰበ ከረጢት ዘረጉላት። «እጅሽን ክተቺ። ጭብጥም ይሁን እፍኝ፣ እኔም አላይ፣ አለቃውም አይጠሩ።»

አትጠገብ ገብታ በእጇ ይዛ መጣችና ከረጢቱ ውስጥ ከተተች። ስታወጣ ፊቷ ቀለል ብሎት ነበር። እንደዚህ ቤት ለቤት ዞሩ። ጨው በአንድ ከረጢት፣ በርበሬ በሌላው። ክብሪት፣ ማማሰያ፣ አሮጌ ወንፊት፣ ጣባ፣ በጠርሙስ ዘይት። ከእህል ይልቅ ይሄ ቶሎ ሞላ። ሰው የቆየው ሰስቶ ሳይሆን አፍሮ ኖሯል።

ያልተገኘው ድስት ነው። ድስት የሚተርፈው ቤት የለም።

በዚያው ሰሞን ከድጃ መጣች። ባሏ መንገድ ላይ ሞቶባታል። ሦስት ዓመት የሆናትን መኪያን በጀርባዋ አዝላ ነው አባይን የተሻገረችው። ልጅቷ ከንፈሯ ተሰነጣጥቆ ጥሬ መቆርጠም ቀርቶ ውሃም በግድ ነው የምትውጠው። አጥሚት ካላገኘች የምትተርፍ አልመሰለኝም። ለአጥሚት ድስት ያስፈልጋል። ከድጃ ከጎረቤት ዳስ አትዋስም፤ ዝም ብላ ዱቄቱን ታቅፋ ትቀመጣለች።

እቤቴ ሁለት የሸክላ ድስት ነበረኝ። ደህናውን አንስቼ፣ ሁለት ጊዜ በአመድ አጥቤ ወሰድኩላት። ተቀበለችና ውስጡን አየችው።

«እህቴ፣ የናንተ ሥጋ ገብቶበታል?» አለችኝ።

ገብቶበታል። የፋሲካ ዶሮ ተሠርቶበታል፤ የልጄ ክርስትና ተደግሶበታል። እኛ የእነሱን እርድ አንበላም፣ እነሱም የኛን አይበሉም፤ ይህን ሁሉም ሰው ያውቃል። ሸክላ ደግሞ ቅባት ይጠጣል፣ ቢታጠብም ጨርሶ አይለቅም። ልጅቷን አየኋት። የኔ ሦስተኛ ልጅ እኩያዋ ናት።

«አልገባበትም» አልኩ። «የሽሮ ድስት ነው።»

መኪያ አጥሚቱን ጠጣች። በሳምንቱ ቆማ ሄደች። በሁለተኛው ሳምንት ድንጋይ እየለቀመች ስትጫወት አየኋትና እትዬ ዘሃራ ሱቅ ሄጄ ተኩራራሁ። «አዩልኝ ልጅቷን? አዩ ጉንጯን?»

እትዬ ዘሃራ ጨው እየመዘኑ ነበር። ቀና አላሉም።

«ልጅቷን አይቻለሁ። እናቷን አይተሻታል?»

«ደህና ናት።»

«ስትበላ አይተሻት ታውቂያለሽ?»

አሰብኩ። አላየሁም። አንድም ቀን።

ሚዛኑን አስቀመጡና አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ለካ ጠዋት ከከድጃ ዘንድ ተቀምጠው ነው የመጡት። ድስቱ መጀመሪያ ተጥዶ ውሃው ሲሞቅ የዶሮ ወጥ ሽታ መጥቶባታል። ልጅቷን «ሕፃን ናት፣ አይያዝባትም» ብላ አበላቻት። እሷ ራሷ ግን ከዚያ ድስት አልቀመሰችም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ባቄላ በውሃ እየዘፈዘፈች በጥሬው ነው የምትበላው። ሆዷ አልያዘላትም። አሁን ስትነሳ ዳሱን ተደግፋ ነው።

«ለተቸገረ ሰው የተፈቀደ ነው ብዬ ነገርኳት» አሉ እትዬ ዘሃራ። «‹ባሌ ሄዷል፣ ከብቴ ሄዷል፣ ቤቴ ሄዷል› አለችኝ። ‹ከቤት ይዤው የወጣሁት ይሄን ብቻ ነው። እሱንም እዚህ ልጣለው?› አለችኝ።»

ማልቀስ ጀመርኩ። «ለልጅቷ ብዬ እኮ ነው።»

«አውቃለሁ። የተቆጣሽ ሰው አለ?» ጠርዙ የነተበ መሐረባቸውን ሰጡኝ። «አዲስ ድስት እኔ እገዛለሁ፣ እኔው አሟሻለሁ። የዋሸሻትን ቃል ግን መልሰሽ የምታነሺው አንቺ ነሽ።»

«እርስዎ ይንገሩልኝ፣ እትዬ ዘሃራ። በእግዜር።»

«እኔ ብነግራት ድስት ታገኛለች፤ ያ ብቻ ነው። ዱቄቱን በየሳምንቱ የምትሰጫት አንቺ ነሽ። ነገ ከእጅሽ ስትቀበል ደግሞ ምን ገብቶበት ይሆን እያለች እንድትቀበልሽ ነው የምትፈልጊው?»

እሳቸው ጎመንና የኑግ ዘይት አፍልተውበት ድስቱን እስኪያሟሹት ሁለት ቀን ፈጀ። ሁለቱንም ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ተናዳ ልጇን አዝላ ብትሄድስ? በዚያ ጉልበቷ የት ትደርሳለች? ዝም ብል ደግሞ ከዓይኔ ሥር ታልቅብኛለች። በሦስተኛው ቀን እትዬ ዘሃራ አዲሱን ድስት አሸክመውኝ ከፊት ከፊቴ ወረዱ። ዳሱ ሊደርስ ሲል ቆሙና «ሂጂ» ብለው በአገጫቸው አመለከቱኝ።

ከድጃ ተቀምጣ ነበር። ድስቱን ፊቷ አስቀምጬ ተንበረከክሁ።

«ይሄ አዲስ ነው። ምንም አልገባበትም። ያሟሹትም እትዬ ዘሃራ ናቸው። ያኛው ግን... ያኛውን ዋሽቼሻለሁ።»

«አውቄዋለሁ» አለችኝ።

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽኝ?»

«አንቺ ለልጄ ብለሽ ነው የዋሸሽው። እኔም ላንቺ ብዬ ዝም አልኩ። ሌላ ቀን ስትመጪ እንዳታፍሪ።» ትንፋሽ አጥሯት ቆም አለችና ቀጠለች። «ልጄን አድነሻል። ደግመሽ ግን አትዋሺኝ። የለም ካልሽኝ፣ የለም ብዬ አድራለሁ።»

«አልዋሽሽም» አልኳት። ከዚያ ወዲያ አልዋሸኋትም።

አሮጌውን ድስቴን በሁለት እጇ አንስታ መለሰችልኝ። ታጥቦ እንደ መስተዋት ሆኗል። ከዚያ አዲሱን ጉልቻው ላይ ጣደች። እሳቱን የማነድደው እኔ ነኝ፤ ለማማሰል ግን እጄን እንዳስገባ አልፈቀደችም። የገብስ ገንፎ ነው የሠራችው፣ ጨው ጣል አድርጋበት። እያማሰለች በመሐል ሁለት ጊዜ አረፈች። መኪያ ሽታው ሲደርሳት ድንጋዮቿን ጥላ መጣች። ሁልጊዜ ለብቻዋ መብላት ለምዳለችና ጣባው ላይ እጇን ሰደደች። ከድጃ እጇን ቀስ ብላ መለሰችላት። «ቢስሚላህ» ብላ መጀመሪያ ለራሷ ቆርሳ ጎረሰች።

እዚያው ቆሜ ቀርቻለሁ። አፏን ነው የማየው። እትዬ ዘሃራ ከኋላዬ መጥተው ክንዴን ያዙኝ።

«አታፍጪባት። የተራበ ሰው ሲበላ አይታይም። ዞር በይ።»

ሁለታችንም ጀርባችንን ሰጥተን ወደ ጮቄ በኩል ዞረን ቆምን። ተራራው ላይ ደመና ተኝቶበታል። እትዬ ዘሃራ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው፣ ጆሯቸውን ወደ ዳሱ ዘንበል አድርገዋል። እኔ መታገሥ አቃተኝ።

«ጨረሰች?» አልኳቸው በሹክሹክታ።

«ዝም በይ» አሉኝ። «ከድስቱ ደግማ እየጨለፈች ነው።»